ከጣና ዳር ወደ ዛንዚባር፦ ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ

ጣና ዳር ላደገ ሰው የውሃ ጠባይ የታወቀ ነው። ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል፤ ዳርቻው ግን ክረምት ከበጋ ካልተፈራረቀ በቀር ከቦታው አይነቃነቅም። የታንዛኒያ ደሴት በሆነችው ዛንዚባር ላይ ይህ እውቀት አይበቃም። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቀናት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ንጋት ላይ ሰው ሲዋኝበት የነበረው ቦታ ረፋድ ላይ ሴቶች በእግራቸው የሚመላለሱበት አሸዋ ሆኖ ይገኛል። ከባሕር ዳር ከተማ ተነስተው ሄደው "ውሃ የሌለበት ባሕር ነው ያሳዩን" ብለው የሚመለሱ ሰዎች ባሕሩን ያጡት በሰዓቱ ሳይደርሱ ቀርተው ነው። ስለዚህ ከቪዛውም ከሻንጣውም በፊት የባሕሩን ሰዓት ማወቅ ይሻላል፤ ሆቴል የምትመርጡት፣ ጀልባ የምትቀጥሩት፣ ልጆች ውሃ የምታስገቡት በዚያ ነው።

ባሕሩን ማንበብ

ከሙላት እስከ ሽሽት 6 ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። ከዚህ የተነሳ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ዛሬ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሸሸ ባሕር ነገ ለ5 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው ይሸሻል። ልዩነቱን የሚያሰፋውና የሚያጠበው ጨረቃ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በተወለደችበት ሰሞን ውሃው እጅግ ይሞላል፣ እጅግም ይሸሻል። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን እንቅስቃሴው የተለሳለሰ ነው።

ለዛንዚባር የሚሠራ አንድ ልክ አለ። በሙሉና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ሸሽቶ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይሞላል። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ይገለበጣል፤ ረፋድ ላይ ሞልቶ አመሻሽ ላይ ይሸሻል። ረፋድ ላይ መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ የጉዞውን ቀን ስትቆርጡ የጨረቃዋን ቀን ቁጠሩ። ትክክለኛውን ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ በብዙ ማረፊያዎች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ በስልክም ይገኛል። አጥማጆቹን መጠየቅም ይቻላል፦ "ማጂ ያሜጃ" ካሏችሁ ሞልቷል፣ "ማጂ ያሜኩፗ" ካሏችሁ ሸሽቷል።

ሁሉም ዳርቻ እኩል አይሸሽም። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ወዲያው ስለሚጠልቁ በሽሽት ሰዓትም ይዋኝባቸዋል። በተለይ ኬንድዋ ለዚህ ይመረጣል። ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ መዋል የሚፈልግ ቤተሰብ ወደ ሰሜን ይሂድ። ምሥራቁ ግን ጸጥ ያለ፣ ሰፊና ነፋሻ ነው። የባሕሩ ሽሽት ራሱ የሚታይ ነገር የሆነውም እዚያ ነው፦ አሸዋው ላይ በተተከሉ ካስማዎችና ገመዶች ሴቶች የባሕር አረም ያመርታሉ። ገመዶቹን አትርገጡ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ። ሥራ ላይ ናቸው።

በሽሽት ሰዓት ወደ ኮራሉ ድንጋይ ስትሄዱ ሁለት ነገር ይጎዳል። አንዱ ጃርት የመሰለው ጥቁር እሾኻም የባሕር ፍጥረት ነው። እሾኹ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ስትጎትቱት ደግሞ ይፈረፈራል። ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ተረከዙን የሚይዝ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል፤ ነጠላ ጫማ ጭቃው ይነጥቃችኋል። ሁለተኛው ውሃው ሲመለስ ነው። የሚመለሰው ከፊት ለፊት እንደ ማዕበል እየገሰገሰ አይምሰላችሁ፤ ከኋላችሁ፣ ከዳርቻው ጋር ባለው ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ሆኖ የተሻገራችሁት ቦይ በመመለሻችሁ ደረት ይደርሳል። መላው ቀላል ነው፤ ሽሽቱ መጨረሻው ላይ የሚደርስበትን ሰዓት እወቁ፣ ሰዓቱ ሲሞላም ፊታችሁን ወደ ዳርቻ መልሱ።

ጣና ላይ መዋኘት ለሚችል ሰው ጨው ያለበት ውሃ ይቀላል፤ ሰውነትን ወደ ላይ ያነሳል። ግን ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ሲዋጥም ያስጠማል። ከወጣችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጠቡ፣ ጨው ቆዳ ላይ ሲደርቅ ያሳክካል። ጣና ዳር የምንፈራው ቢልሃርዚያ ባሕር ውስጥ የለም።

ሰዓቱ የእኛው ነው፣ ግን ተጠንቀቁ

ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ነው። "ሳ ሞጃ" ማለት አንድ ሰዓት፣ ማለትም ማለዳ ነው፤ "ሳ ታቱ" ሦስት ሰዓት። "ሳ" ራሱ ያው ሰዓት ነው፣ "ባሃሪ" ባሕር ነው። የሰዓት ክልሉም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችሁን መንካት አያስፈልግም። ስህተት የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ባለ ጀልባው በእንግሊዝኛ ሲያናግራችሁ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ በስዋሂሊ ሲያናግራችሁ በእኛው። የባሕሩ ሠንጠረዥም በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ "አሱቡሂ" (ጠዋት) ወይስ "ጂዮኒ" (ማታ) እንደሆነ ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ አትሳሳቱም።

መቼ መሄድ

የእኛ ክረምት ለዛንዚባር ጥሩ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር በዝናብ ስትርስ እዚያ ደረቅ፣ ነፋሻና ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ መሄድ ስለዚህ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ግን "ኩሲ" የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ምሥራቁን ዳርቻ ስለሚመታው ለዋና ሰሜኑ ይመረጣል። የፋሲካ ዕረፍት ግን አይገጥምም፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ "ማሲካ" የሚባለው ከባዱ ዝናብ ነው፣ አንዳንድ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። በኅዳር ደግሞ ቀለል ያለ ዝናብ አለ። ለገናና ለጥምቀት ሰሞን መሄድ ይቻላል፣ ሙቀቱን ከቻላችሁት፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ዛንዚባር ከባሕሩ እኩል ናት። እርጥበቱ ልብስ አያደርቅም።

ወረቀቱ

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የታንዛኒያ ቪዛ ያስፈልጋል። እዚያ ደርሼ አወጣለሁ አትበሉ። በኢንተርኔት አመልክቱ፣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችልም ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት ቪዛው ሳይወጣ አትቁረጡ። ቅጹ ላይ የልደት ቀን ስትሞሉ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ገልብጡ፤ በእኛ አቆጣጠር ያለውን ከአእምሮ እየመለሱ መጻፍ የቀን ልዩነት ያመጣና ማመልከቻውን ያሰናክላል።

ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ አዋቂ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቱን የጉዞ መድን በ44 ዶላር መግዛት አለበት። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህ አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ከፍላችሁ አትማችሁ ያዙት።

ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ አንዴ ከተከተቡ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ከባሕር ዳር ቦሌ በአውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከቦሌ ዛንዚባር ደግሞ 3 ሰዓት ያህል። ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት አስቆርጡ። ለየብቻ ከተቆረጡና ባሕር ዳር ላይ በደመና ምክንያት በረራው ከዘገየ፣ ሁለተኛውን ያጣችሁት በራሳችሁ ኪሳራ ነው። በክረምት ከሆነ ቀደም ባለው ቀን አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ይሻላል።

ሻንጣው

ፌስታል አትያዙ። ታንዛኒያ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከልክላለች። ዳቦ ቆሎውን፣ ጫማውን፣ ያደረውን ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መክተት ልማዳችን ስለሆነ ይህ ብዙ ሰው ያስቸግራል። በጨርቅ ከረጢት አድርጉት። ጫት ደግሞ ጨርሶ አይነካ። እዚህ በግልጽ የሚሸጥ ቢሆንም በታንዛኒያ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ ያሳስራል። ኪስ ውስጥ የቀረ እንጨት እንኳ እንዳይኖር አራግፉ።

የመብራት ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ማገናኛ ያስፈልጋል። ብር አይመነዘርም፤ ዶላር ያዙ፣ ከእ.ኤ.አ. 2006 በፊት የታተመውን ግን አይቀበሏችሁም፤ ባንክ ስትቀበሉ የኖቶቹን ዓመት አንድ በአንድ እዩ። መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። አጎበርና የትንኝ ቅባት ባሕር ዳር እንደለመዳችሁት ነው።

ድንጋዩ ከተማ

የደሴቱ አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይገባዋል። ከተማው በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኦማኖች ፖርቱጋሎችን ካስወጡ በኋላ ሱልጣን ሰይድ ሰይድ መንበሩን ከሙስካት ወደዚህ ያዛወረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሀብቱ ቅርንፉድ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ነበር። በእ.ኤ.አ. 1873 የባሪያ ገበያው ተዘጋ፣ ቦታው ላይም የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። መሠዊያው ያረፈው ባሮች ይገረፉበት የነበረው ዛፍ ቆሞበት በነበረው ቦታ ነው ይባላል። አጠገቡ ሁለት ዝቅተኛ ምድር ቤቶች ይታያሉ፣ ግቢው ውስጥም ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ምስሎች አሉ። ይህን በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ እዩት። አንድ ሰዓት ስጡት፣ ከዚያ በኋላም ወዲያው ወደ ገበያ አትሩጡ። የሸዋም ሆነ የጎጃም ታሪክ ስለ ባሪያ ንግድ የሚለው ስላለው፣ እንግዳ ነገር እያየን ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በሮቹን ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። አናታቸው ቀጥ ያለው የዓረብ ሥራ ነው፤ አናታቸው ቅስት የሆነውና ሹል የነሐስ ጉብጉብ የተተከለባቸው የሕንድ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1883 የተሠራው "የድንቅ ነገሮች ቤት" በደሴቱ የመጀመሪያው መብራት የገባበት ነው፤ ከፊሉ በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ስለተናደ ከውጭ ነው የሚታየው።

ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ የዋና ልብስ ለዳርቻው ይቆይ። በረመዳን ቀን ሜዳ ላይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው። ሽማግሌ ስትሰላሙ "ሺካሞ" በሉ፣ "ማራሃባ" ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ ይለዝባል። ጎዳና ላይ ተከትለው አስጎብኝ ካልሆንን የሚሉትን ነዋሪው ራሱ "ፓፓሲ"፣ መዥገር ይላቸዋል። "ሃፓና አሳንቴ" ብላችሁ እርምጃችሁን ሳትገቱ እለፉ። ቡና የናፈቀው ጆውስ ኮርነር ወደሚባለው አደባባይ ይሂድ፤ በትንንሽ ሲኒ የሚቀዳ፣ ያለ ወተት የሚጠጣ ቡና አለ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም እዚያው ይጫወታሉ።

ቅመሙ

የቅመም እርሻዎቹ ከከተማው ብዙም ሳይርቁ፣ ኪዚምባኒና ኪዲቺ አካባቢ ናቸው። ጉብኝቱ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሽታ ያደነዝዛል። ዘጌ ጫካ ውስጥ ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር እንደሚበቅል ያየ ሰው አቀማመጡ አይከብደውም፤ ረድፍ የለም፣ ተቀላቅሎ ነው የበቀለው።

ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ከአረንጓዴ ወደ ሮዝ ሲያደላ፣ ሳይፈነዳ፣ በእጅ ይለቀማል፤ ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ከዚያ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ ቡናማ ይሆናል። ዛፉ ትውልዱ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ሲሆን እዚህ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ምርት ከፔምባ ደሴት ይገኛል። ስትገዙ እንዲህ ፈትኑት፦ ጥፍራችሁን ራሱ ላይ ጫን አድርጉት፣ ወዝ ካወጣ ጥሩ ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ጥሩው ይሰምጣል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዘይቱ ተጨምቆ የወጣለት ግን በጎኑ ይንሳፈፋል።

"ኢሊኪ" የሚሉት ሄል ነው፣ ከኮረሪማችን ጋር ሁለቱም የዝንጅብል ወገን ናቸው፤ ፍሬውን ከላይ አትፈልጉ፣ ከሥሩ አፈር አጠገብ ነው የሚያወጣው። ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። ጥቁሩና ነጩ ከአንድ ሐረግ ይወጣሉ፤ አረንጓዴው ፍሬ ሲደርቅ ጥቁር ይሆናል፣ የቀላው ተዘፍዝፎ ሲላጥ ነጭ። የቀረፋ ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ሥሩንም አሽትቱ፤ ለጉንፋን ደረት ላይ እንደሚቀባው ቅባት ይሸታል። ቫኒላ አበባው ላይ የሚያርፍ የትውልድ አገሩ ነፍሳት ስለሌለ እያንዳንዱ አበባ በሰው እጅ ነው የሚዳቀለው፣ ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ሳፍሮን የሚባለውን ውድ የአበባ ቅመም አትግዙ። ዛንዚባር ላይ አይበቅልም፤ በርካሽ የሚሸጠው ቀለም የተነከረ ሌላ አበባ ነው። የተፈጨ ቅመምም አይመከርም፤ በዚያ እርጥበት ሽታው ቶሎ ይሄዳል፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ሳይፈጭ ግዙ። እርሻው ላይ የቀመሳችሁትን ዳራጃኒ ገበያ ላይ ዋጋውን አወዳድሩ። የቅርንፉድ ንግድ በመንግሥት እጅ ስለሆነ ለቤት የሚሆን ትንሽ ብቻ ያዙ፤ በኪሎዎች የሚቆጠር ጭነት ያስጠይቃል። ዛጎልና ኮራል ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ዳርቻ ላይ ያገኛችሁትም ቢሆን።

ምግብና ጾም

ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕሩ ዳርቻ መናፈሻ ሲመሽ ምግብ ይዘረጋል። ሥጋው ሁሉ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው፤ ያንን የማይበላ ክርስቲያን ዓሣና አትክልት አያጣም። ከባሕር የወጣ ሁሉ ዓሣ አይደለምና ስሞቹን ለዩ፦ "ፕዌዛ" ኦክቶፐስ፣ "ንጊሲ" ስኩዊድ፣ "ካ" ሸርጣን፣ "ካምባ" ሽሪምፕ ነው። የለመድነው ዓይነት ዓሣ የፈለገ "ጆዳሪ" ወይም "ንጉሩ" ይበል። እንጨት ላይ ተሰክቶ ሲጠብቅ የዋለውን ሳይሆን አሁን ከእሳት የሚወጣውን ምረጡ፤ ዋጋውንም ከመብላታችሁ በፊት ተስማሙ።

ጾም ለያዘ ሰው ደሴቱ ይመቻል፤ ቅቤ ሳይሆን የኮኮነት ወተት ነው የሚያበስሉበት። "ዋሊ ዋ ናዚ" በኮኮነት የበሰለ ሩዝ ነው፣ "ማሃራጌ ያ ናዚ" ባቄላ መሰሉ ቦሎቄ፣ "ምቺቻ" ጎመን መሰሉ ቅጠል ነው። "ኡሮጆ" የሚባለው ጎምዘዝ ያለ ሾርባ ግን እንቁላልና ሥጋ ሊገባበት ስለሚችል "ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማያይ፣ ቢላ ማዚዋ" በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለት ነው። የሸንኮራ ጭማቂ ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር ሲጨመቅላችሁ በረዶ አታስጨምሩ፤ ሆድ የሚያውከው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ወደ ቤት

ቅመሙን በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ከልብስ መካከል አስገቡት። ባሕር ዳር ስትደርሱ ግማሽ ቀን ጥላ ላይ አስጡት፤ የደሴቱን እርጥበት ይዞ ዕቃ ውስጥ ከተከደነ ይሻግታል። ከዚያ በኋላ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ቅርንፉዱ ለብቻው፣ ሽታው ሌላውን ይውጣልና። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢመጣ ከዛንዚባር መመለሳችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።